ጦር የሰፈረባት ከተማ በምን ታድጋለች? ቢሾፍቱን ይዘን እናስላው

በአንድ የገጠር ከተማ አጠገብ ካምፕ ሊሠራ ነው ከተባለ ወታደሩ ገና ሳይመጣ ደላላው ይመጣል። የቦታ ዋጋ ይንራል፣ ሰዉም ማስላት ይጀምራል፦ ይህን ያህል ሺህ ሰው፣ በየወሩ ይህን ያህል ደመወዝ፣ ስለዚህ ገበያው ይደራል። ስሌቱ ትክክል ነው፣ ግን ጎዶሎ ነው። ደመወዝ ገበያን ያሞቃል እንጂ ከተማን አያቆምም። የሚያቆማት ካምፑ ከአካባቢው የሚገዛው ነገርና በካምፑ በር የሚወጣው ሙያ ነው። ይህን ለማየት ከቢሾፍቱ የተሻለ ቦታ የለም ባይ ነኝ።

ቢሾፍቱ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ ምሥራቅ 47 ኪሎ ሜትር ርቃ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 1,900 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። አየር ኃይሉ ሳይመጣ በፊትም የአዳ ጤፍ ነበራት፣ የጅቡቲው ባቡርም በዚያው ያልፍ ነበር። ከጣሊያን ወረራ በኋላ አየር ኃይሉን እንደገና ለማቋቋም ስዊድናዊው ካውንት ካርል ጉስታቭ ቮን ሮዘን ሲመጣ ሥልጠናው የተተከለው እዚህ ነው። ለጥ ያለ ሜዳ፣ ከባድ ዕቃ የሚያራግፍ ባቡር፣ ለዋና ከተማው ቅርበት፣ ሁሉም በአንድ ቦታ ተገኝተዋል። ሐረር ሜዳ የተባለው የአየር ኃይሉ ጦር ሰፈር ከተማዋ ለአሥርት ዓመታት ደብረ ዘይት ተብላ በተጠራችበትም ዘመን፣ ወደ ቀድሞ ስሟ ከተመለሰችም በኋላ ከቦታው አልተነቃነቀም።

አለመነቃነቁ ራሱ ትልቅ ጉዳይ ነው። እግረኛ ክፍለ ጦር ትእዛዝ ሲደርሰው በአንድ ሌሊት ጓዙን ጠቅልሎ ይሄዳል። አየር ኃይል ግን ማኮብኮቢያውን ተሸክሞ አይሄድም። ከአንዱ አብራሪ ጀርባ የሞተር መካኒክ አለ፣ የሃይድሮሊክ ሠራተኛ አለ፣ ኤሌክትሪሺያን፣ የሬዲዮና የራዳር ባለሙያ፣ ላሜራ ሠራተኛና ጋራዥ ውስጥ የሚውል ባለ ማዕረግ አለ። እነዚህ ሰዎች ለዓመታት የሚማሩና ለዓመታት አንድ ቦታ የሚሠሩ ናቸው። ስለዚህ ያገባሉ፣ ቦታ ይገዛሉ፣ ልጅ ያስተምራሉ። አውሮፕላኑም ዝም ብሎ አልተቀመጠም። በስዊድኑ ሳብ 17 የተጀመረው ጉዞ በአሜሪካኖቹ ኤፍ 86 እና ኤፍ 5፣ ቀጥሎ በሶቪየቶቹ ሚግ 21 እና ሚግ 23፣ ከ1990ዎቹ ወዲህ ደግሞ በሱኮይ 27 ቀጥሏል። አዲስ ዓይነት በመጣ ቁጥር መሣሪያ ቤቱ፣ የመማሪያ መጽሐፉ፣ የአሠልጣኙ ቋንቋ ሳይቀር ይለወጣል፤ ሠራተኛውም ተመልሶ ትምህርት ቤት ይገባል። የእግረኛ ጦር ካምፕ ያለባት ከተማ ይህን አታገኝም። የምታገኘው በብዛት ላጤ፣ በብዛት ወጣት፣ በብዛት መንገደኛ ነው፤ ገበያዋም እንደዚያው ይሆናል።

አሁን ወደ ሂሳቡ እንምጣ። ለስሌት እንዲመቸን 1,000 ሰው የሚቀለብበት ካምፕ እንውሰድ። አንድ ሰው በቀን ሁለት እንጀራ ይብላ። ከአንድ ኪሎ ዱቄት እንደ ምጣዱ ስፋትና እንደ ሊጡ ውፍረት ሦስት ወይም አራት እንጀራ ይወጣል። ስለዚህ ለ2,000 እንጀራ በቀን ከ5 እስከ 7 ኩንታል፣ በወር ከ150 እስከ 200 ኩንታል ጤፍ ያስፈልጋል። ጥሩ የሰጠ ማሳ በሄክታር 20 ኩንታል ገደማ ቢሰጥ፣ የዓመቱን ለመሙላት 100 ሄክታር ያህል መታረስ አለበት። ለአንድ ቀበሌ ገበሬ ይህ ቀላል ገበያ አይደለም። ሽሮው፣ ምስሩ፣ ሽንኩርቱ፣ ዘይቱ፣ ሥጋውና ማገዶው ገና አልተነካም።

ችግሩ የሚጀምረው የቀለቡ ጨረታ ሲወጣ ነው። ግዢው ከማዕከል በአንድ ትልቅ ጥቅል ከወጣ የሚያሸንፈው ካፒታል ያለው የአዲስ አበባ ነጋዴ ነው። የአዳ ገበሬ ጤፉን ለሰብሳቢ ይሸጣል፣ ሰብሳቢው ወደ አዲስ አበባው የእህል ገበያ፣ ወደ እህል በረንዳ ይጭናል፣ አሸናፊው ከእህል በረንዳ ገዝቶ ወደ ካምፑ ይመልሳል። ያው ጤፍ 47 ኪሎ ሜትር ሄዶ 47 ኪሎ ሜትር ሊመለስ ይችላል፤ ትርፉ ግን በመንገድ ላይ ይቀራል። መፍትሔው የታወቀ ነው። ጨረታውን በየዓይነቱና በየመጠኑ ከፋፍሎ ማውጣት፣ የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ዩኒየኖች በቀጥታ የሚገቡበትን በር መክፈት፣ ክፍያውን ደግሞ በርክክቡ ወር መጨረስ። ሦስተኛው ካልተሟላ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ዋጋ የላቸውም፤ ገበሬ ሦስት ወር የሚጠብቅበት ገንዘብ የለውም።

ለካምፕ ማቅረብ የሚፈልግ አነስተኛ ነጋዴ በብዛት የሚወድቀው በዋጋ ተበልጦ አይመስለኝም። የሚወድቀው ካሸነፈ በኋላ ነው። የውል ማስከበሪያው አብዛኛውን ጊዜ የውሉን 10 በመቶ ይይዛል፤ ያ ገንዘብ ባንክ ተቀምጦ አይሠራለትም። በዚያ ላይ ክፍያ እስኪመጣ የሁለት ወይም የሦስት ወር ዕቃ በራሱ ኪስ መግዛት አለበት። ከሁሉ የሚከፋው ግን የዋጋው ነገር ነው። ውሉ ለስድስት ወር ወይም ለዓመት በአንድ ዋጋ ይታሰራል። ሽንኩርት በረከሰበት ወር ዋጋ ተጫርቶ በተወደደበት ወር ማቅረብ ማለት በየኪሎው መክሰር ማለት ነው። ስለዚህ የሚበላሽ ነገር የሚያቀርብ ሰው ያለፈውን ዓመት የየወሩን ዋጋ ሳይዝ አይጫረት። አማካዩን ሳይሆን ውዱን ወር ይዞ ያስላ። ዕቃ በር ላይ ሲመለስበት ደግሞ ምክንያቱና ሰዓቱ በጽሑፍ ይሰጠው፤ ፀሐይ ላይ ቆሞ የተበላሸ ቲማቲም መጀመሪያውኑ የተበላሸ ተብሎ እንዳይመዘገብበት።

ከአጥሩ ውጭ ያለው ገበያ ሌላ ነው። እሱ የሚኖረው በዱቤ መዝገብ ነው። ባለ ሱቋ ባለ መስመር ደብተር አላት፤ በአንድ ገጽ አንድ ሰው፣ ስም፣ ክፍል፣ የወሰደው፣ ፊርማ። የወሩ መጨረሻ ሲደርስ ግማሹ ዕዳ ይሰረዛል፣ በነጋታው እንደገና ይጻፋል። ወሩ ከገባ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ልብስ፣ ጫማና ስልክ ይሸጣል፤ ከወሩ አጋማሽ በኋላ ስኳር፣ ዘይትና ሳሙና ብቻ። ይህን የሚያውቅ ነጋዴ ዕቃ የሚያራግፈው ደመወዝ ሊወጣ ሁለት ሦስት ቀን ሲቀረው ነው፤ ቀድሞ ካራገፈ ገንዘቡ መደርደሪያ ላይ ተኝቶ ይከርማል።

ዱቤው የሚበላው ግዳጅ ሲመጣ ነው። የጦር ክፍሉ ሌሊት ይነሣል፣ ደብተሩ እዚያው ይቀራል። ልምድ ያላቸው ባለ ሱቆች የሚያደርጉት ጥንቃቄ አለ። ለአንድ ሰው ከደመወዙ ሲሶ በላይ አይሰጡም። ቤተሰብ ላለው ሰው ሂሳቡን በሚስቱ ስም ይከፍታሉ፣ እሷ ስለማትሄድ። ዋስ ሲጠይቁ ደግሞ ከሌላ ክፍል የሆነ ሰው ይጠይቃሉ። ከዚያው ክፍል የሆነ ዋስ ከተበዳሪው ጋር በአንድ መኪና ተጭኖ ይሄዳልና ዋስትናው ከንቱ ነው። ቤተሰቡን የሚጎዳው ሌላው ነገር የባንክ ሂሳብ ነው። ባል በራሱ ስም ብቻ በተከፈተ ሂሳብ ደመወዝ እየገባለት ወደ ግንባር ከሄደ፣ ሚስት ሕጋዊ ውክልና ከሌላት አንድ ብር አታወጣም። ውክልናው መሰጠት ያለበት ሰላም በሆነበት ቀን ነው። ግዳጅ ከታወጀ በኋላ ወረፋው ረጅም ነው፣ ጊዜውም አይበቃም።

የቤት ኪራዩ ነገር ከተማዋን ከሁሉ በላይ ቅርጿን ይለውጣታል። ግቢ ያለው ሁሉ ከጓሮ ሰርቪስ ይደረድራል። በሦስት በአራት ሜትር የሆነች አንዲት ክፍል ከነክፈፏ 11 ወይም 12 ቆርቆሮ ትበላለች፤ ግድግዳው እንጨትና ጭቃ፣ በሩ ላሜራ። እንዲህ ያሉ ስድስት ክፍሎች ተሠርተው አንድ መጸዳጃ፣ አንድ የውሃ ቆጣሪና አንድ የመብራት ቆጣሪ ይጋራሉ። ለአንድ ቤተሰብ የተቆፈረ ጉድጓድ 15 ሰው ሲጠቀምበት በክረምት ይሞላል፣ ይፈሳል፣ ወደ ጎረቤት የእጅ ጉድጓድም ይሰርጋል። አከራዩ በጋራ ቆጣሪ ምክንያት በከፍተኛው ታሪፍ ይከፍላል፣ ያንንም በኪራይ ላይ ይጨምራል። የጦር ክፍሉ ሲነሣ ደግሞ ስድስቱም የኪራይ ክፍሎች በአንድ ወር ባዶ ይሆናሉ። ተበድሮ ለሠራ ሰው ይህ ከባድ ነው። ለወታደር የሚያከራይ ሰው ቢያንስ አንድ ሦስተኛውን ክፍል ለአስተማሪ፣ ለነርስ ወይም ለፋብሪካ ሠራተኛ ቢያከራይ አደጋው ይቀንሳል። ዋጋው ትንሽ ቢያንስም ይሻለዋል እላለሁ።

ውሃ ላይ ቆም ማለት አለብኝ፣ ምክንያቱም የጦር ካምፕና የገጠር ከተማ የሚጣሉት በብዛት በውሃ ነው። ለአንድ ሰው በቀን 40 ሊትር ቢታሰብ 1,000 ሰው 40 ሜትር ኩብ ይፈልጋል። በሰከንድ 3 ሊትር የሚሰጥ ጉድጓድ በቀን 12 ሰዓት ቢሠራ 130 ሜትር ኩብ ገደማ ያወጣል። ለብቻው ሲታይ ይበቃል። ከተማው ከዚያው ጉድጓድ የሚጠጣ ከሆነ ግን ካምፑ ሲሶውን ወሰደ ማለት ነው፤ መብራት ስድስት ሰዓት ከጠፋ ደግሞ ግማሹ ቀን ይሄዳል። ፓምፑ የተቃጠለ ቀን ማን ቀድሞ ይቀዳል የሚለው ጥያቄ የኢኮኖሚ ብቻ ሆኖ አይቀርም። በጥር 1966 ዓ.ም. ነገሌ ቦረና የሰፈረው ጦር ያመፀው በመጥፎ ምግብና በውሃ ነው። የወታደሮቹ ጉድጓድ ፓምፕ ተበላሸ፣ መኮንኖቹ የራሳቸውን አናስቀዳም አሉ። ሊያናግራቸው የተላከውን ጄኔራል ይዘው እነሱ የሚበሉትን እንዲበላ፣ የሚጠጡትንም እንዲጠጣ አደረጉት። በየካቲት መጀመሪያ ደግሞ የደብረ ዘይት አየር ኃይል ባልደረቦች ተነሡ። ስለዚህ ካምፕ ሲተከል የከተማው አስተዳደር መጠየቅ ያለበት የመጀመሪያ ነገር የተለየ ጉድጓድ፣ የተለየ ጄኔሬተርና መለዋወጫ ፓምፕ ነው። መለዋወጫው መጋዘን ውስጥ ካልተቀመጠ ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ከተማው በአህያ ውሃ ይጠጣል።

መንገዱም የራሱ ሂሳብ አለው። በአንድ አክስል (ጎማዎቹን በሚያገናኘው ዘንግ) ላይ የሚያርፍ ክብደት እጥፍ ሲሆን በአስፋልቱ ላይ የሚደርሰው ጉዳት እጥፍ አይደለም፣ ወደ 16 እጥፍ ይጠጋል። የታንክ ማመላለሻ ሎቤድ በየሳምንቱ የሚያልፍበት የከተማ መንገድ ለሚኒባስ ታስቦ ከተሠራ በሁለት ክረምት ይፈርሳል። መጀመሪያ የሚሰበረው የውሃ ማሳለፊያ ቱቦው ነው፤ ከዚያ ውሃው አስፋልቱን ከሥር ይበላዋል። የካምፑ መግቢያ ከዋናው አውራ ጎዳና በራሱ መንገድ ቢገባ ለሁለቱም ይሻላል።

በ1983 ዓ.ም. የሆነውን የሚያስታውስ ሰው ደመወዝ ብቻውን ከተማ አያቆምም ስል ይገባዋል። ደርግ ሲወድቅ ከ400 ሺህ በላይ ወታደር ተበትኗል። የደብረ ዘይት ሰፈርም ከዚሁ አላመለጠም። በዱቤ መዝገብ ላይ የነበረው ደመወዝ በአንድ ወር ቀረ። ጦር ብቻ የነበራቸው ትናንሽ ከተሞች ሱቃቸውን ዘጉ። ቢሾፍቱ ግን ሌሎች እግሮች ነበሯት። የደብረ ዘይት ግብርና ምርምር ማዕከል በ1940ዎቹ የተመሠረተ ነው፤ በ1998 ዓ.ም. የወጣውና በአገር የታወቀው የቁንጮ ጤፍ ዝርያ ከእሱ የተገኘ ነው። የእንስሳት ክትባት የሚያመርተው ብሔራዊ ተቋምና የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ቤትም እዚያው ናቸው። ዶሮ እርባታው በእነዚህ ዙሪያ ነው ያደገው፤ ጫጩትም፣ ክትባትም፣ ሐኪምም በአንድ ከተማ ስለሚገኝ። ሆራ፣ ባቦጋያ፣ ኩሪፍቱና ቢሾፍቱ ሐይቆች ደግሞ ከአዲስ አበባ ለዕረፍት የሚወርደውን ሰው ይስባሉ።

ከሁሉ በላይ ግን ሙያው በር አልፎ ወጥቷል። ሞተር ፈትቶ መግጠም የሚያውቅ ሰው ዩኒፎርም ቢያወልቅም እጁ አይረሳም። ብየዳ ቤት፣ ብረት እያሽከረከረ የሚቀርጽ ቶርኖ ቤት፣ የሬዲዮና የፍሪጅ ጥገና፣ የባትሪ ሙሌት የመሳሰለው ሥራ በትንሽ ካፒታል የሚጀመር ነው፤ የሚጠይቀው የሠለጠነ እጅ ነው። የቶርኖ ባለሙያ በሚሊ ሜትር መቶኛ መለካት የሚለምደው ስህተት በማይፈቀድበት ቦታ ሲሠለጥን ነው። የአየር ኃይል ሠልጣኞች ለኢትዮጵያ አየር መንገድም የሰው ኃይል ሆነዋል። አንዲት ከተማ ከጦር ያገኘችው ትልቁ ሀብት ምንድን ነው ብትሉኝ መልሴ ይህ ነው።

ከአጥሩ ጀርባ ፋብሪካም አለ። በአዲስ አበባ የምናየው ቢሾፍቱ አውቶብስ የተገጣጠመው እዚሁ ነው፤ የመከላከያ ኢንጂነሪንግ ኮሌጅም እዚሁ ይገኛል። እዚህ ላይ አንድ ቅሬታ አለኝ። አውቶብስ የሚገጥም ፋብሪካ የመቀመጫውን ፍሬም፣ የእጅ መያዣውን ቱቦ፣ የበሩን ጎሚኒ፣ የሻንጣ መደርደሪያውን በከተማው ላሉ ብየዳና ቶርኖ ቤቶች ቢሰጥ፣ አንድ ፋብሪካ 20 ትናንሽ ፋብሪካ ይወልዳል። ሁሉንም በአጥር ውስጥ ከሠራ ወይም በኮንቴይነር ካስመጣ ግን ከተማዋ የምታገኘው የሠራተኛውን የምሳ ገንዘብ ብቻ ነው። ሥራውን ለውጭ ለመስጠት የሚያስፈልገው ብዙ አይደለም፦ በልኬት የተሣለ ንድፍ፣ የሚፈቀደው የስህተት መጠን የተጻፈበት ወረቀት፣ ለናሙና የሚሰጥ አንድ የተስተካከለ ዕቃ፣ የብረቱን ዓይነት የሚያረጋግጥ ሰነድ፣ በርክክብ ቀን የሚከፈል ገንዘብ። አነስተኛ ቶርኖ ቤት የሚወድቀው ብዙውን ጊዜ በብረቱ ዓይነት ነው፤ ከገበያ የገዛው ለስላሳ ብረት በስድስት ወር ያልቃል፣ ስሙም አብሮ ይበላሻል። ስለዚህ ብረቱን ራሱ ፋብሪካው ቢያቀርብና ለእጅ ሥራው ብቻ ቢከፍል ይሻላል።

የማኮብኮቢያ ጎረቤት መሆን የሚጠይቀው ጥንቃቄም አለ። አውሮፕላን ወደ ማረፊያው ሲወርድ ከሥሩ ነጻ መሆን ያለበት አየር ክልል አለ፤ በዓለም አቀፉ መለኪያ ከማኮብኮቢያው ጫፍ ጀምሮ በየ50 ሜትሩ አንድ ሜትር እየጨመረ ይሄዳል። ስለዚህ በመስመሩ ላይ ከጫፉ አንድ ኪሎ ሜትር ርቆ የሚሠራ ሕንፃ ከ20 ሜትር በታች መሆን አለበት፣ የውሃ ታንከሩና አንቴናው ተቆጥሮ። የከተማ አስተዳደር ለስድስት ፎቅ ፈቃድ ሰጥቶ ምሰሶው ከቆመ በኋላ ሥራ ማስቆም ባለሀብቱን ያከስራል። የግንባታ ፈቃድ ሠራተኛው ጠረጴዛ ላይ ይህ ካርታ መኖር አለበት።

ወፍም አለ። የዶሮ ቄራ ተረፈ ምርትና የከተማ ቆሻሻ በተጣለበት ቦታ ጥንብ አንሣና አባ ኮዳ ይሰበሰባል። አንድ ትልቅ ወፍ ጄት ሞተር ውስጥ ከገባ ሞተሩን ሊያጠፋ ይችላል። ለዚህ ነው ቆሻሻ መጣያ ከማኮብኮቢያ 13 ኪሎ ሜትር ያህል እንዲርቅ የሚመከረው። ሐይቅና ዶሮ እርባታ ላላት ከተማ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። የሞተ ዶሮ በግልጽ መጣል የለበትም፤ በጥልቅ ጉድጓድ በኖራ ይቀበር ወይም ይቃጠል።

በአቡሴራ በኩል የኢትዮጵያ አየር መንገድ አዲሱን ትልቅ ኤርፖርት ለመሥራት መነሣቱ ይህንን ሁሉ እንደገና ያስነሣል። በ2007 ዓ.ም. መጀመሪያ የተከፈተው የአዲስ አበባ አዳማ ፈጣን መንገድም በዚያው ያልፋል፣ ስለዚህ ቦታውን የሚሻማው ብዙ ነው። ገበሬው ካሳ ተቀብሎ በሁለት ዓመት ጨርሶት እንዳይቀመጥ፣ ልጁ ከቅጥሩ በፊት የኤሌክትሪክ፣ የብየዳ ወይም የማሽን ሥልጠና እንዲገባ አሁኑኑ ስም ዝርዝር መያዝ ይቻላል። ሥልጠናው ከሥራ ቅጥሩ ቢያንስ አንድ ዓመት መቅደም አለበት፤ ቅጥሩ ሲጀመር ሥልጠና የሚፈልግ ሰው ጥበቃና ጽዳት ብቻ ያገኛል። የአዲሱ ቆሻሻ መጣያ ቦታም ከሁለቱም ማኮብኮቢያዎች ርቀቱ ተለክቶ መመረጥ ይኖርበታል።